በሲሎን ማን ይገዛ ነበር? ስለ አገረ ገዢው፣ ስለ ኮሎኒያል ሴክሬታሪውና ስለ 1931 ሚኒስትሮች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፤ «የዛሬዋ ስሪላንካ፣ የያኔዋ ሲሎን፣ በእንግሊዝ እጅ ሳለች እንዴት ትተዳደር እንደነበር የሚገልጹ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዴ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ አንዴ ኮሎኒያል ሴክሬታሪ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ቺፍ ሴክሬታሪ የሚሉ ሹመቶች ይገጥሙኛል። ሦስቱ አንድ ናቸው? አገረ ገዢው ሁሉንም የሚያዝ ከነበረስ ምክር ቤቱና ከ1931 በኋላ የተሾሙት ሚኒስትሮች ምን ይሠሩ ነበር?» ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ሹመቶች አንድ አይደሉም፤ ግራ የሚያጋቡንም ሦስቱንም «ጸሐፊ» ብለን ስንተረጉማቸው ነው። ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት የሚባለው ለንደን የሚቀመጥ፣ የእንግሊዝ ካቢኔ አባል የሆነ፣ መንግሥት ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ፖለቲከኛ ነው፤ በአማርኛ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ቢባል ምንም አይጎድልበትም። ኮሎኒያል ሴክሬታሪ ግን ኮሎምቦ የሚቀመጥ፣ ደመወዙ ከደሴቲቱ ግምጃ ቤት የሚከፈል፣ ዕድሜውን በመንግሥት ሥራ የጨረሰ ሹም ሲሆን ከአገረ ገዢው ቀጥሎ የመጀመሪያው ባለሥልጣን ነበር። ቺፍ ሴክሬታሪ ደግሞ የዚሁ ሹም ወራሽ ነው፤ ከ1931 ወዲህ ስሙም ሥራውም ተለውጦ፣ ግማሹ ሥልጣን ተቀንሶለት፣ ግማሹ ግን በእጁ ቀርቶ የሠራ ሰው ነው። «ጸሐፊ» የሚለው ቃል በዛሬው የቢሮ አነጋገራችን ደብዳቤ የሚተይብ ሠራተኛን ስለሚያስታውስ የሰውየውን ክብደት ይሰውረዋል። አንባቢው የጸሐፌ ትእዛዝን ማዕረግ ቢያስብ ይሻለዋል፤ በሁለቱም ዘንድ ሥልጣኑ የሚመነጨው የበላይ ቃል ወደ ወረቀት የሚወርደው በዚያ ሰው እጅ በመሆኑ ነውና።

እንግሊዞች የደሴቲቱን ጠረፍ ከደቾች የወሰዱት በ1796 ነው። መጀመሪያ ከህንድ፣ ከማድራስ ሆኖ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ያስተዳድራት ነበር፤ በ1802 የእንግሊዝ ዘውድ በቀጥታ የሚገዛት ቅኝ ግዛት ሆነች፤ በ1815 ደግሞ በተራሮቹ መካከል ራሱን ጠብቆ የኖረው የካንዲ መንግሥት ተጨመረባት። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1833 ድረስ ጠረፉና ካንዲ በተለያየ መንገድ ሲተዳደሩ ቆይተው፣ ኮልብሩክና ካሜሮን የተባሉ መርማሪዎች ባቀረቡት ጥናት መሠረት ደሴቲቱ በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃላ በአምስት ክፍለ ሀገሮች ተከፈለች። እነዚህ ክፍለ ሀገሮች ቀስ በቀስ እየተሸነሸኑ በ1889 ዘጠኝ ሆነዋል። የሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤትና የሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚባሉት ሁለቱ ምክር ቤቶችም የተቋቋሙት በዚሁ በ1833 ነው።

ስማቸውን ብቻ ያየ ሰው ሥልጣን የተከፈለ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን አልተከፈለም። በሥራ አስፈጻሚው ምክር ቤት ውስጥ የሚቀመጡት ኮሎኒያል ሴክሬታሪው፣ የጦሩ አዛዥ፣ የዘውዱ የሕግ አማካሪ፣ በጅሮንዱና የመሳሰሉት ከፍተኛ ሹማምንት ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ምክር ይሰጣሉ እንጂ አይወስኑም፤ አገረ ገዢው ከምክራቸው ውጭ መሥራት ከፈለገ ይሠራል፤ ግዴታው ምክንያቱን ለለንደን መጻፍ ብቻ ነው። የሕግ አውጪው ምክር ቤት ደግሞ 15 አባላት ሲኖሩት ዘጠኙ የመንግሥት ሹማምንት፣ ስድስቱ አገረ ገዢው ራሱ የሚመርጣቸው የውጭ ሰዎች ነበሩ። ሹማምንቱ ደመወዝ የሚከፍላቸውን መንግሥት መቃወም ስለማይችሉ ድምፅ ሲቆጠር ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በሕግ ረገድ እንግዲህ መልሱ ቀላል ነው፤ ገዢው አገረ ገዢው ነበር፤ የሚቆጣጠረውም በመርከብ ወራት የሚፈጅ መንገድ ርቆ ያለ አንድ ሚኒስትር ነበር።

በተግባር ግን አገረ ገዢ መጥቶ ሄያጅ ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ተቀምጦ ወደ ሌላ ቅኝ ግዛት ይዛወራል። የደሴቲቱን ቋንቋ ሳያውቅ መጥቶ ሳያውቅ የሚሄድ ብዙ ነበር። የሚቀረው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የጥያቄዎ ፍሬም ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይበት። በአንድ ሩቅ አውራጃ ድልድይ ወደቀ እንበል። የአውራጃው ሹም ለአገረ ገዢው በቀጥታ መጻፍ አይችልም፤ ደብዳቤው የሚሄደው ለኮሎኒያል ሴክሬታሪው ነው። እዚያ ሲደርስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በመዝገብ ይገባል፣ ፋይል ይከፈትለታል። አንድ ወጣት ሹም ቀድሞ የነበሩትን ደብዳቤዎች አገላብጦ በኅዳጉ ላይ አስተያየቱን ይጽፋል፤ ከዚያ ጉዳዩ ስለ ገንዘቡ ለግምጃ ቤቱ፣ ስለ ሥራው ለሥራዎች መምሪያ ይመራል፤ የሁሉም አስተያየት ተሰብስቦ ኮሎኒያል ሴክሬታሪው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እሱ ደግሞ ሁለት ሦስት መስመር ይጨምርበትና አገረ ገዢው ዘንድ ያስገባዋል፤ ወይም የማያስገባው ከሆነ እዚያው ይጨርሰዋል። መልሱ ሲወጣ «ክቡር አገረ ገዢው ባዘዙኝ መሠረት» ብሎ ይጀምራል፤ አገረ ገዢው ወረቀቱን ባያየውም እንኳ። በቢሮ የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህንን መንገድ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጉዳዩን ማን እንደሚመራውና በምን ቃል እንደሚመራው የሚወስን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩን ራሱን ይወስናል። አቤት ባዩም ቢሆን አገረ ገዢውን ለለንደን የሚከስበትን ማመልከቻ ማሳለፍ ያለበት በራሱ በአገረ ገዢው በኩል ነበር።

አገረ ገዢው ሲሞት ወይም ሲሄድ ብዙ ጊዜ ተክቶ የሚሠራው ይኸው ኮሎኒያል ሴክሬታሪ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል መስማማት ሲጠፋ መንግሥቱ ራሱ ይናጋል። በ1848 በማታሌና በኩሩኔጋላ አካባቢ በአዳዲስ ግብሮች ምክንያት አመፅ ተነሥቶ፣ አገረ ገዢው ሎርድ ቶሪንግተን በጦር ሕግ በጭካኔ ካፈነው በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ መርማሪ ኮሚቴ አቆመ፤ በዚያ ምርመራ ላይ ቶሪንግተንና ኮሎኒያል ሴክሬታሪው ኤመርሰን ቴነንት ተጣልተው፣ በ1850 ሁለቱም ከሲሎን ሥራቸው ተነሡ። የተረሸኑት ገበሬዎች ጉዳይ ግን ከሹማምንቱ ጠብ ያነሰ ቦታ ነበር የተሰጠው፤ ይህንን ታሪክ ባስተማርኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ስለ ሹማምንቱ ኑሮ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልፈልግም፤ የአስተዳደሩን ጠባይ ያስረዳልና። በ1833 የተደረገው ለውጥ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ደመወዛቸውን ዝቅ አድርጎ የጡረታ መብታቸውንም አስቀርቶ ነበር። በዚያው ዘመን የቡና እርሻ እየተስፋፋ ስለነበር ሹማምንቱ መሬት እየገዙ ቡና ተከሉ፤ አገረ ገዢ ሳይቀር፣ ዳኛ ሳይቀር ተከለ። መሬቱን የሚሸጠው መንግሥት፣ የሚገዛውም የመንግሥቱ ሹም ሆነ ማለት ነው። የወረዳው ሹም ሐሳቡ እርሻው ላይ እያለ የገበሬው አቤቱታ ጠረጴዛው ላይ ይከርም ነበር። ለንደን ነገሩን አይታ በ1845 ግድም ሹማምንት ንግድና እርሻ እንዳይነኩ ከለከለች፤ በምትኩ ደመወዛቸውን ከፍ አድርጋ ጡረታውን መለሰች። በኋላ ዘመን በሹምነት ኩራቱ የታወቀው የሲሎን ሲቪል ሰርቪስ የተወለደው ከዚህ ክልከላ ነው ብዬ አምናለሁ።

በየክፍለ ሀገሩ የነበረው ሹም የመንግሥት ወኪል ይባላል፤ ቢሮው ካቸሪ ይባላል። ለገጠሩ ሰው መንግሥት ማለት ኮሎምቦ ያለው ቤተ መንግሥት አይደለም፤ መንግሥት ማለት ካቸሪው ነው። ግብር የሚሰበሰበው፣ መሬት የሚለካው፣ የመስኖ ውኃ የሚከፋፈለው በዚያ ነው፤ በብዙ ቦታ ወንጀለኛም የሚዳኘው በዚያው ሹም ነበር። ከሹሙ በታች በጠረፉ አካባቢ ሙዳሊያር፣ በካንዲ ደግሞ ራቴ ማሃትማያ የሚባሉ የአገሬው ባላባቶች ነበሩ፤ እንግሊዛዊው ሹም የሚያየውም የሚሰማውም በእነሱ ዓይንና ጆሮ ነው። ሌናርድ ውልፍ የተባለው በኋላ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የሆነ ሰው ከ1908 እስከ 1911 በደቡብ ጠረፍ በሐምባንቶታ ረዳት የመንግሥት ወኪል ነበር፤ የጨው መሰብሰቡን ሥራ ይቆጣጠራል፣ ከብት የሚፈጅ በሽታ ሲገባ ይከላከላል፣ ይዳኛል። እንዲህ ያለ ሹም በየቀኑ የሠራውን በማስታወሻ መዝገብ እየጻፈ ለበላዩ መላክ ግዴታው ነበር፤ ኮሎኒያል ሴክሬታሪውም የተላከውን ያነብባል፣ በኅዳጉም ይወቅሳል ወይም ያመሰግናል። ደሴቲቱን በሙሉ በእጁ የሚይዘው እንዲህ ነው። ውልፍ ግን ሥልጣኑ ባዕድ መሆኑ እየከበደው ሄዶ በ1912 ሥራውን ለቀቀ።

የአገሬው ተወላጅ ለዚህ አገልግሎት በር የተከፈተለት በጠባቡ ነው። ፖናምባላም አሩናቻላም በ1875 በእንግሊዝ አገር የተሰጠውን የውድድር ፈተና አልፎ የገባ የመጀመሪያው ሲሎናዊ ሲሆን፣ የ1901ዱን የሕዝብ ቆጠራ መርቷል፣ በ1912 የሥራ አስፈጻሚው ምክር ቤት አባል ሆኗል። ይህን ያህል ችሎታ የነበረው ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1919 የሲሎን ብሔራዊ ኮንግረስን መሥርቶ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ። መንግሥቱን ከውስጥ ያየው ሰው ነው ከውጭ ሆኖ «ድርሻችንን ስጡን» ያለው።

የ1931ዱን ለውጥ ለመረዳት አንድ ሰው እንከተል። ሬጂናልድ ስታብስ ከ1913 እስከ 1919 የሲሎን ኮሎኒያል ሴክሬታሪ ነበር። በዚህ መካከል በ1915 የደሴቲቱ ብዙኃን ሕዝብ በሆኑት በሲንሃላዎችና በሙስሊሞች መካከል ግጭት ሲነሣ መንግሥቱ የጦር ሕግ አውጆ፣ ከግጭቱ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን የአልኮል መጠጥን የሚቃወሙ የታወቁ ሰዎች ሳይቀር አሠረ፤ ከታሠሩት መካከል ባሮን ጃያቲላካና ዲ. ኤስ. ሴናናያኬ ይገኙበታል። ስታብስ ከዚያ በሆንግ ኮንግ፣ በጃማይካና በቆጵሮስ አገረ ገዢነት አገልግሎ በ1933 አገረ ገዢ ሆኖ ወደ ሲሎን ተመለሰ። ሲመለስ የያኔዎቹ እስረኞች ሚኒስትሮች ሆነው ጠበቁት፤ ጃያቲላካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትርና የምክር ቤቱ መሪ፣ ሴናናያኬ የእርሻና የመሬት ሚኒስትር ነበሩ።

በመካከል የሆነው ይህ ነው። በ1924 በወጣው ሥርዐት የሕግ አውጪው ምክር ቤት 49 አባላት ሲኖሩት ሹማምንቱ 12 ብቻ ሆኑ። በጀቱን የሚያጸድቁት፣ የመምሪያ ኃላፊዎችን ጠርተው የሚጠይቁት የተመረጡት ናቸው፤ ሥራውን የሚሠሩትና የሚጠየቁበት ግን ሹማምንቱ ናቸው። አንዱ ወገን ሥልጣን ያለ ኃላፊነት፣ ሌላው ኃላፊነት ያለ ሥልጣን ያዘ። ይህንን እንዲመረምር በ1927 የመጣው አራት አባላት ያሉት የዶኖሞር ኮሚሽን ሁለት ያልተጠበቁ ነገሮች አመጣ። አንደኛው ለወንድም ለሴትም የመምረጥ መብት መስጠት ነው፤ ሥራ ላይ ሲውልም ዕድሜው ለሁለቱም 21 ዓመት ሆነ። እንግሊዝ ራሷ ለሴቶች ከወንዶች እኩል ይህንን መብት የሰጠችው በ1928 ስለነበረ፣ ለአንድ የእስያ ቅኝ ግዛት እንዲህ ያለ ነገር መፍቀድ እጅግ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ በሻይ እርሻዎች የሚሠሩት የህንድ ተወላጆች ግን በነዋሪነት መስፈርት ምክንያት ብዙዎቹ ተነጥለው ቀርተዋል። ሁለተኛው ካቢኔን በኮሚቴ መተካት ነው።

አዲሱ የመንግሥት ምክር ቤት 50 የተመረጡ፣ 8 የተሾሙ አባላትና ሦስት የመንግሥት ሹማምንት ነበሩት። አባላቱ በሰባት የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴዎች ይከፈላሉ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ፣ የእርሻና የመሬት፣ የአካባቢ አስተዳደር፣ የጤና፣ የሠራተኛ፣ የኢንዱስትሪና የንግድ (ሦስቱም በአንድ ኮሚቴ)፣ የትምህርት፣ የመገናኛና የሥራዎች። እያንዳንዱ ኮሚቴ ሊቀ መንበሩን ይመርጣል፣ አገረ ገዢውም ያንን ሰው ሚኒስትር ብሎ ይሾማል። ሰባቱ ሚኒስትሮች ከሦስቱ ሹማምንት ጋር ሆነው የሚኒስትሮች ቦርድ ይባላሉ፤ ሰብሳቢው ቺፍ ሴክሬታሪው ነው።

አሁን ማን ምን እንደያዘ ልብ ይበሉ። ቺፍ ሴክሬታሪው መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይንና የመንግሥት ሠራተኞችን ያዘ። የሕግ ሹሙ ፍትሕንና ምርጫን፣ የገንዘብ ሹሙ ግምጃ ቤቱን ያዙ። ሦስቱ በምክር ቤቱ ይናገራሉ፣ ድምፅ አይሰጡም፤ ድምፅ ግን አያስፈልጋቸውም ነበር። አንድ ሚኒስትር ሆስፒታል ልሠራ ቢል ወጪው በገንዘብ ሹሙ አስተያየት ይመዘናል፤ ሐኪሞቹን የሚሾመውና የሚያዛውረው ሌላ ነው፤ ደንቡ በሕግ ሹሙ እጅ ያልፋል፤ የኮሚቴው ባልደረቦችም እያንዳንዱን ውሳኔ ከእሱ ጋር ይካፈላሉ። የ1931ዱን ሥርዐት በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጽልኝ ቢሉኝ ሥራው ለሚኒስትሮች፣ ብዕሩና ቁልፉ ለሹማምንቱ ተሰጠ እላለሁ። አገረ ገዢው በበኩሉ ሕግን አላጸድቅም የማለት፣ አስፈላጊ ነው ያለውንም በራሱ ማረጋገጫ የማውጣት ሥልጣን ነበረው።

ይህ ሥልጣን ገደብ የገጠመው ስታብስ በተመለሰበት ዘመን ነው። በ1937 ማርክ ብሬስገርድል የተባለ አንድ አውስትራሊያዊ ወጣት የሻይ እርሻ ሥራውን ትቶ ከእርሻ ሠራተኞቹ ጎን ቆመ። ስታብስ በ1896 የወጣ የቆየ ድንጋጌ ጠቅሶ ወጣቱ እስከ ኤፕሪል 24 ምሽት 12 ሰዓት ድረስ ሙልታን በተባለችው መርከብ ደሴቲቱን ለቅቆ እንዲሄድ አዘዘ፤ ትእዛዙ የተሰጠው ኤፕሪል 22 ነው። ወጣቱ አልሄደም፤ ተደበቀ። ሜይ 5 ቀን የመንግሥት ምክር ቤቱ አገረ ገዢው የሚመለከተውን ሚኒስትር ምክር ሳይጠይቅ ይህን በማዘዙ ወቀሳውን በ34 ድምፅ ለ7 አሳለፈ። በዚያው ዕለት ወጣቱ ኮሎምቦ ጋል ፌስ በተባለው የባሕር ዳር ሜዳ በተደረገ ሰልፍ ላይ ቆሞ ተናገረ። ከተያዘ በኋላም ጉዳዩ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ታይቶ፣ ዋና ዳኛው ሲድኒ አብራሃምስ ያ ድንጋጌ ለአስቸኳይ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ነው፣ ሰውን በተናገረው ምክንያት ለማባረር አይሆንም ብለው ለቀቁት። አንድ በዘውዱ የተሾመ እንግሊዛዊ ዳኛ በዘውዱ የተሾመውን አገረ ገዢ በሕግ አቆመው። ይህ ቀን ለሲሎን ሰዎች አገረ ገዢ ከሕግ በላይ እንዳልሆነ ያሳየ ቀን በመሆኑ እስከ ዛሬ ይታወሳል።

ሚኒስትሮቹ በበኩላቸው የኮሚቴውን ሥርዐት ራሱን ለመሣሪያነት ተጠቀሙበት። በ1936 አባላት በየኮሚቴው የሚከፋፈሉበትን መንገድ አስልተው ሰባቱም ሚኒስትሮች ሲንሃላ እንዲሆኑ አደረጉ፤ ዓላማው በአገረ ገዢው ፊት በአንድ ድምፅ መቆም ነበር፤ ቁጥራቸው ያነሰውን የታሚሎችን እምነት ግን ክፉኛ ጎዳ። እኔ ይህን እንደ ታላቅ ስሕተት ነው የማየው። በሌላ በኩል የትምህርት ሚኒስትሩ ካናንጋራ በዚሁ ጠባብ ሥልጣን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ዩኒቨርሲቲ ነፃ ትምህርት ከኦክቶበር 1945 ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል። ብዕሩና ቁልፉ በሌላ እጅ ሳሉም እንኳ ኮሚቴውን በትዕግሥት ይዞ የሄደ ሚኒስትር ምን መሥራት እንደሚችል ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጦርነቱ ሌላ ሹም ጨመረ። ጃፓኖች ሲንጋፖርን ከያዙ በኋላ በማርች 1942 አድሚራል ጄፍሪ ሌይተን የሲሎን ጠቅላይ አዛዥ ተብሎ ሲመጣ፣ አገረ ገዢው አንድሩ ኮልዴኮት ራሱ በእሱ ትእዛዝ ሥር ሆነ፤ ኮሎምቦ በኤፕሪል 5፣ ትሪንኮማሊ በኤፕሪል 9 ከአየር ተደበደቡ። በሲቪል መከላከያው ሥራ ስሙን ያስጠራው ሲሎናዊው ኦሊቨር ጉነቲለኬ በ1945 የገንዘብ ሹም ሆነ። ከሦስቱ ቁልፎች አንዱ በአገሬው ሰው እጅ የገባው ያኔ ነው። በ1946 በወጣው የሶልበሪ ሕገ መንግሥት ሦስቱ የሹም ቦታዎች ተሠርዘው ግምጃ ቤቱ ለተመረጠ የገንዘብ ሚኒስትር ተላለፈ፤ በ1947 ሴናናያኬ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ካቢኔ አቆመ፤ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1948 አገሪቱ ነፃ ወጣች።

ለትርጉም ሥራዎ የምመክርዎ እንግዲህ የሰነዱን ዓመት አስቀድመው እንዲያዩ ነው። ከ1931 በፊት ከሆነ ኮሎኒያል ሴክሬታሪውን «የቅኝ ግዛቱ ዋና ጸሐፊ» ይበሉት፣ በመጀመሪያ ሲጠቅሱትም ከአገረ ገዢው ቀጥሎ ያለ ሹም መሆኑን በአንድ ሐረግ ያስረዱ። ከ1931 እስከ 1947 ባለው ሰነድ ላይ ቺፍ ሴክሬታሪውን «የመንግሥት ዋና ሹም» ቢሉት ከሚኒስትሮቹ ጋር አይምታታም። በዚያ ዘመን «ሚኒስትር» የሚለው ቃል የኮሚቴ ሊቀ መንበር መሆኑን ደግሞ በግርጌ ማስታወሻ ካልገለጹት፣ አንባቢው ግምጃ ቤቱም በእጁ ያለ የካቢኔ ሚኒስትር ይመስለዋል። ከ1947 በኋላ የሚያገኙት «ፐርማነንት ሴክሬታሪ» ደግሞ ከሦስቱም የተለየ፣ በሚኒስትሩ ሥር የሚሠራ ቋሚ ሹም ስለሆነ «ቋሚ ዋና ጸሐፊ» ይበሉት።